የጠለለ ውሃ

መካነ ብርሃን፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣

በሰው አገር፣ በፊንላንድ ምድር ላለኸው ወንድሜ፣ የደብራችን ታቦት ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህ ይከተልህ። እኛ አለን። እናትህ፣ አክስቴ ሐረገወይን፣ ደህና ናት። ጉልበቷን ብርድ ሲሆን ያማታል እንጂ አሁንም ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች፤ የላሟንም በረት ራሷ ትጠርጋለች።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፃችን ጠፍቶብህ ሳትሰጋ አልቀረህም። ይህን ወረቀት ደመቀ፣ አይሱዙ የሚነዳው፣ መንገዱ ሲፈቅድለት ጎንደር ያወርደዋል። ፒያሳ ለእትዬ ራቢዓ ይሰጣቸዋል። እሳቸው በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይልኩልሃል፤ የአንተንም መልስ በወረቀት አሳትመው ለደመቀ ይሰጡልኛል። ተማሪ ሳለህ ቤታቸው እንደ ልጅ አኑረውሃልና አሁንም «ልጄ ምን አለ?» ማለት አልተዉም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ውሃ ነው። ከማስተማሩ ሌላ የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ መርጠውኛል። ከወንዙ ተስቦ ታንከር የሚገባው ውሃ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃ ሆኖ ነው የሚወርደው። ድሮ አሉም የሚሉት ነጭ ዱቄት ይመጣልን ነበር፤ እሱን ሲጨምሩበት ጭቃው እርስ በርሱ ተያይዞ ወደ ታች ይቀመጣል። ከዚያ ክሎሪን ይገባበታል። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ሁለቱም የሉም። ሰው በነጠላ እያጠለለ ይጠጣል። ነጠላው ይጠቁራል እንጂ ውሃው አይነጣም። ባለፈው አንዲት ሴት የቀዳችውን ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችና «እስቲ እዪልኝ፣ ይሄ ውሃ ነው መሬት?» አለችኝ።

አንተ በዚያ አገር የከተማ ውሃ የሚጣራበት ቦታ እንደምትሠራ አክስቴ ለሰው ሁሉ ታወራለች። ከፋብሪካ የማይመጣ፣ እኛው ልናገኘው የምንችል ነገር ካለ ንገረን። ገንዘብ አትላክ፤ ገንዘብ የሚገዛው ነገር አሁን ገበያ ላይ የለም።

እናትህ አጠገቤ ሆና «ጻፊለት» ትለኛለች፦ «ልጄ፣ ከሚታይም ከማይታይም ይሰውርህ። ራስህን ሸፍነህ ውጣ። የምትበላውን አትርሳ።»

እህትህ የትነበርሽ


ታምፔሬ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙላ። ለእናቴ ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ። ደብዳቤሽን እትዬ ራቢዓ የላኩልኝ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አነበብኩትና ከመውረጃዬ አለፍኩ።

የጠየቅሽኝ ነገር አለ። ሽፈራው የሚሉትን ዛፍ በስም ታውቂው ይሆናል። የቆላ ዛፍ ነው፤ እናንተ ጋ ብርዱ አያበቅለውም። ፍሬው ግን ደርቆ የትም ይሄዳል። በፍሬው ውስጥ ልክ እንደ አሉሙ ጭቃን የሚሰበስብ ነገር አለ። እትዬ ራቢዓን ለምኛቸዋለሁ፤ ከቆላ ነጋዴዎች ፈልገው በደመቀ ይልኩልሻል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬውን ፈልፍይና ነጩን ብቻ አስቀሪ። ወቅጠሽ አድቂው። ለአንድ ጀሪካን ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል፤ በጣም የደፈረሰ ከሆነ ጨመር አድርጊ። ዱቄቱን በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጪና በጨርቅ አጥልይ፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን ጣይው፣ የወረደውን እንደ ወተት የነጣውን ውሃ በደፈረሰው ላይ ጨምሪ። መጀመሪያ ፈጠን አድርገሽ፣ ከዚያ ዝግ ብለሽ አማስዪ። ከዚያ አትንኪው። ጭቃው እንደ ደመና እየተሰበሰበ ሲወርድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሲጠልል የላይኛውን ብቻ ቅጂ።

አሁን የምጽፈውን ግን ለሰው ሁሉ አንብቢ። ጠለለ ማለት ተፈወሰ ማለት አይደለም። ሽፈራው ከጭቃው ጋር ብዙውን ጀርም ያወርዳል፤ ሁሉንም አይገድልም። ከጠለለ በኋላ አፍሉት። ደግሞ አታሳድሩት፤ ከፍሬው የሚቀረው ነገር ውሃውን ያገማዋል።

እዚህ በዚህ ወቅት ፀሐይ ገባች ሳይባል ትመለሳለች። መጋረጃ ዘግቼ ነው የምተኛው። ሌላ የምነግርሽ ወሬ የለኝም።

አስናቀው


መካነ ብርሃን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣

የተባረክ ሁን። የዘራኸው ይብቀል፣ የያዝከው ይርጋ። ፍሬው በጆንያ ደረሰን።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ታንከሩ አጠገብ ሁለት በርሜል አቁመን፣ እንዳልከው አድርጌ በጥብጬ ጨመርኩ። ሰዉ ዙሪያውን ከብቦ ቆመ። መጀመሪያ ምንም የለም። «ይሄማ ጭቃ ላይ ወተት ማፍሰስ ነው» ያለም ነበር። ቆይቶ ጭቃው ከላይ እየለቀቀ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። የበርሜሉ ወገብ ታየ፤ ኋላም ከታች የተቀመጠው ጭቃ ራሱ ታየ።

የሚጠጣ ግን ጠፋ። መሪጌታ እንኳየሁ «የማናውቀው የቆላ ፍሬ ነው። ሆድ የሚበጥስ ቢሆንስ?» አሉ። ለክፋት አልነበረም፤ ሰው የሚሰማው እሳቸውን ስለሆነ ፈርተው ነው። ያን ጊዜ እናትህ ከኋላ መጣች። ጣሳዋን አቀረበችና «ቅጂልኝ» አለችኝ።

«አክስቴ፣ እስኪፈላ ቆዪ» አልኳት።

«ልጄ የላከልኝን ሳልቀምሰው እሳት ላይ ልጣደው?» አለችና ጠጣች። አፏን በነጠላዋ ጠረገች። «መሪጌታ፣ ሸጋ ውሃ ነው። ልጄ ሆድ የሚበጥስ አይልክልኝም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ተሰለፈ። ሰው ስምህን አያውቅም፤ «የሐረገወይን ልጅ ውሃ» ነው የሚለው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች፤ ደስ ሲላት እንዲያ እንደምትሆን ታውቃታለህ።

ስለማፍላቱ ያልከውን ለሁሉም አንብቤያለሁ፤ ደግሜም አንብቤያለሁ። ነገር ግን ክረምት ነው። ኩበቱ ረጥቧል፣ እንጨትም የለም። ያለችውን ማገዶ ሰው ለምግብ ይቆጥባታል። ሲደፈርስ ያፈላ የነበረው እንኳ ጠልሎ ሲያየው ይተወዋል። አፌን ሞልቼ ልቆጣቸው አልችልም፤ እኔም ማገዶ የለኝምና።

እናትህ ለፍልሰታ ሱባኤ ልትገባ ነው። «በጸሎት አስብሃለሁ በይልኝ» ብላለች።

እህትህ የትነበርሽ


ታምፔሬ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ፣

እጅሽ ይባረክ። የጻፍሽልኝን ለወንዴ አነበብኩለት። ወንዴ የአይከል ልጅ ነው፤ እዚህ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖረው። መሪጌታ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ እናቴ ጋ ስደርስ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ግን እሱን ነበር የማየው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ደስታውም ቢሆን።

ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። እናቴ ሳይፈላ እንድትጠጣ አትፍቀጂላት። ለማሳየት አንዴ ጠጥታለች፤ በቃ። ማገዶው ለሁሉ ባይበቃ እንኳ ለእሷና ለልጆች ይፍላ። ታፈሉላታላችሁ ወይ? ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ደመቀ ስልክ ካለው ፎቶ ያንሳልኝ። በረቱ በር ላይ ቆማ።

አስናቀው


መካነ ብርሃን፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሻገረህ። ዓመቱን የምሕረት ያድርግልን።

ዝናቡ እየቀለለ ነው። ፍሬው አልቋል፤ ሌላ ቢገኝ እትዬ ራቢዓ ይላኩልን። ክሎሪን በእንክብል የሚመጣ አለ ይባላል፤ ጎንደር ላይ ካለ እሱንም ይጠይቁልን። በታች ሰፈር ሰው ታሞ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ ነው። አሁን በርዷል።

ስለ አክስቴ ጠይቀኸኛል። ሁላችንም በእሱ ቸርነት ሥር ነን። ደመቀ ፎቶ አላነሳም፤ ስልኩ ተሰብሮበታል።

ያ የአይከሉ ልጅ፣ ወንዴ ያልከው፣ ሁልጊዜ አጠገብህ ነው ወይ? ሌላስ ያገር ሰው አለ? የምትገናኙበት ቤተ ክርስቲያን አላችሁ? እንዲያው ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።

እህትህ የትነበርሽ


ታምፔሬ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝ።

ፍሬውን እትዬ ራቢዓ ይልካሉ። ስለ ክሎሪኑም ነግሬያቸዋለሁ። ወትሮ ስጽፍላቸው በድምፃቸው መልእክት ይመልሱልኝ ነበር፤ ሰሞኑን ግን «እሺ ልጄ» ብቻ ነው የሚጽፉልኝ።

እዚህ ያለን ያገር ልጆች ስለ ሽፈራው ውሃ እንድናገር ጋብዘውኛል። ለሌሎች ወረዳዎችም እንዲዳረስ ገንዘብ ሊያዋጡ ነው። የምጀምረው «እናቴ ናት መጀመሪያ የጠጣችው» ብዬ ነው፤ አዘጋጅቼዋለሁ። ለእሷ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ገዝቻለሁ። ጎንደር የሚሄድ ሰው ሳገኝ እሰጠዋለሁ። ቀለሙን ትወደው እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ባለፈው የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም። በዚህኛው ደብዳቤ ምርቃቷም የለም። ምነው የትነበርሽ? ታማም ቢሆን ንገሪኝ።

ስለ ወንዴ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ አጠገቤ ነው። ምነው ጠየቅሽኝ?

አስናቀው


መካነ ብርሃን፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ወንዴ፣

አላውቅህም፤ ጌታ ግን ለዚህ ቀን አስቀምጦሃል። ስልክህን እትዬ ራቢዓ ከአይከል ዘመዶችህ አገኙልኝ። ከዚህ በታች ያለው ለወንድሜ ለአስናቀው ነው። እባክህ ስልኩ ላይ አትላክለት። ያገር ሰው ይዘህ፣ ጠዋት፣ ሥራ በማይገባበት ቀን ሄደህ ራስህ አንብብለት። ያን ቀን ብቻውን አትተወው። መርዶ ከሩቅ አገር ሰው ላይ መጣል ከብዶኝ ለአንተ ጣልኩት። ይቅር በለኝ።

ለአያ አስናቀው፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። እናትህ አርፋለች።

በፍልሰታ ሱባኤ መጨረሻ ነው። የታች ሰፈር ሰው መታመም ሲጀምር እሷ ሱባኤ ላይ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደክማ ነበር፤ ጾሙ ነው ብለን ተውነው። በማግሥቱ ያስመልሳት ጀመር። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አወረድናት። ነርሷ ሸጋ ልጅ ናት፣ የምትችለውን አደረገች፤ በክንድ ደም ሥር የሚሰጠው ውሃ ግን ከመንገዱ መዘጋት ጋር አልቆ ነበር። በአፏ ጨውና ስኳር በጥብጠን ሰጠናት። ሆዷ ላይ አልረጋም።

ራሷን አታውቅም ብዬ ሳስብ «የትነበርሽ» አለችኝ።

«አቤት አክስቴ» አልኳት።

«ከውሃው ነው እንዳትዪው» አለች።

ሌላ አልተናገረችም። በማግሥቱ በጠዋት ነፍሷ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ቀበራት። የፍትሐቱን ጸሎት መሪጌታ እንኳየሁ አደረሱ።

«ታፈሉላታላችሁ ወይ?» ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ ሰልስቷ ካለፈ በኋላ ነው። መስከረም ላይ ስጽፍልህ ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። እጄ አልታዘዝ አለኝ። አሁንም የጻፍኩት በስብሰባችሁ ላይ «እናቴ ናት የጠጣችው» ብለህ ልትቆም እንደሆነ ሳነብ ነው። ሳታውቅ በሰው ፊት እንድትቆም አልፈለግኩም።

ከውሃው ይሁን ከሌላ፣ አላውቅም። ሱባኤ ላይ የምንጭ ውሃም ጠጥታለች። በቤቷ ግን አታፈላም ነበር። ስሄድባት «ጠልሏል'ኮ፣ እዪው» ትለኝ ነበር። እኔም አይቼው እመለሳለሁ። ጠልሎ ነበርና።

ኮሚቴው ፍሬውን እንተወው ወይስ እንቀጥል ብሎ እኔን ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው። አያገባኝም ብትልም አልቀየምህም።

እህትህ የትነበርሽ


ታምፔሬ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ፣

አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ስለራቅሁ የቀረብሽው አንቺ ነሽ፤ ኀዘኑ የአንቺም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዴና ሁለት ያገር ሰዎች መጡ። ነጠላ ለብሰው ደጄ ላይ ሲቆሙ ገባኝ። ወንዴ ማንበብ ጀምሮ ድምፁ ተቆረጠ፤ ሌላው ተቀብሎ ጨረሰው። «አልቅስ እንጂ» አሉኝ። እንቢ አለኝ። ተነሥቼ ሻይ አፈላሁላቸው። ስኳር እንዳለቀ አይቼ ወረድኩና ገዛሁ። ስመለስ ሦስቱም ቆመው ጠበቁኝ፤ የምጠፋ መስሏቸው ኖሯል።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የእኔ ሥራ ከየቧንቧው ውሃ እየቀዱ መመርመር ነው። ቀዳሁ፣ መረመርኩ፣ ጻፍኩ። አለቃዬ ዕረፍቱ እንዴት ነበር ስትለኝ ደህና ነበር አልኳት። ዋሽቼ አይደለም፤ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። እጄ ብቻ ነው የሚሠራው። ሹራቡ ወንበር ላይ አለ። አላነሳሁትም።

ስለደበቅሽኝ አልተቀየምኩሽም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አጠገብሽ ሰው ፈልጌ ነበር።

ከውሃው ይሁን አይሁን ማወቅ የሚቻልበት ዕቃ አለ፤ እጄ ላይ ነው ያለው። እዚያ የለም። ስለዚህ አናውቅም። «ከውሃው ነው እንዳትዪው» ያለችው ለእኔ ብላ ነው። እኔ ግን ለሰዉ ስል እንዲህ እልሻለሁ፦ ከውሃው ሊሆን ይችላል በያቸው።

ለኮሚቴው መልሴ ይህ ነው። ፍሬውን አትተዉ። ደፍርሶ ከመጠጣት ጠልሎ መጠጣት ይሻላል፤ ክሎሪኑም ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ጉልበት አይኖረውም። ነገር ግን ከበርሜሉ በቀጥታ ለማንም አትቅዱ። እዚያው በርሜሉ አጠገብ እሳት ይንደድ። እያንዳንዱ በየቤቱ ማገዶ ከሚፈጅ ተራ ገብታችሁ በአንድ ድስት በጋራ አፍሉት። የፈላውን ብቻ ቅዱ። ያልፈላ ለሚጠይቅ እንቢ በሉ፤ የማንም እናት ብትሆን።

ስብሰባው ላይ ቆምኩ። ያዘጋጀሁትን ተውኩትና ይህን ብቻ ነገርኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ሸጋ ነበር።

አስናቀው


መካነ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣

የቀረውን ዕድሜ ለአንተ ይስጥህ። ደብዳቤህን ለኮሚቴው አነበብኩት። ያልተናገረ አልነበረም፤ የተቃወመ ግን የለም። መሪጌታ እንኳየሁ የማኅበሩን ትልቅ ድስት ከዕቃ ቤት አስወጥተው ሰጡን። «ድግስ እስኪመጣ ቆሞ ነው የሚውለው» አሉ። ሦስት ጉልቻ ጎለትን። ማገዶ በተራ ይመጣል፤ ያላመጣ ቀጥሎ ያመጣል። በየቀኑ ይፈላል። ክሎሪኑም ትንሽ ደርሶናል።

መቅዳት የእኔ ተራ በሆነ ቀን፣ ከላይ ሰፈር አንዲት አሮጊት ቀድማኝ መጣች። ድስቱ ገና አልፈላም። በርሜሉን ከፍታ አየች፤ ታች ድረስ ይታያል።

«ልጄ፣ ከዚህ ቅጂልኝ። ለምን ትጠብቂያለሽ? ምን ጎደለው?» አለችኝ።

«አይሆንም እማማ፣ ይፍላ» አልኳት።

«እንዲህ ጠልሎ?» አለች።

ስለ ጀርሙ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ለተማሪዎቼ እንደምነግረው። አልመጣልኝም። «ሐረገወይንም ጠልሎ አይታው ነው የጠጣችው» አልኳት።

ክዳኑን መለሰችና ጀሪካኗን አስቀምጣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጠች። ያንን ስናገር ያስለቅሰኛል ብዬ ነበር፤ አላለቀስኩም። ጭሱን ችዬ እሳቱን እፍ አልኩበት። ሲፈላ ለእሷ ቀዳሁላት፤ ኋላ ያለችው ተጠጋች፣ ለእሷም ቀዳሁላት።

እህትህ የትነበርሽ